በድንጋይ የተያዘው በር

ያ ክረምት ከባድ ነበር። በግንቦት ቤቴ ፈረሰ። በሰኔ ዝናቡ ገባ። በሐምሌ ሳል ያዘኝ። አንድ አልጋና አንድ ጃኬት ይዤ፣ ካዛንቺስ ጫፍ ላይ ገና ያልፈረሰ ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራየሁ። ግቢው ውስጥ የቀረነው ሁለት ሰዎች ነበርን፤ እኔና ከግድግዳው ወዲያ ያለችው ሴት።

ዙሪያችን ባዶ ነበር። ከፈረሰ ቤት አንድ ግድግዳ ብቻ ቆሞ፣ ላዩ ላይ የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሎ ይታያል። የሚገልጠው ሰው የለም። ነፋሱ ይገልጠዋል።

ሴትዮዋን ከማየቴ በፊት ድምጿን ሰማሁ። በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ትጠይቃለች።

«ዛሬ እንዴት ዋልክ?»

ዝም። አንድ ሰው እስኪመልስ ያህል ዝም።

«መጠጥ አማረህ?»

ዝም።

ግድግዳው የጭቃ ነው፤ ማስነጠስ ይሰማል። የሚመልስላት ድምፅ ግን አልነበረም። ወደሷ የሚገባ ሰው አይቼ አላውቅም። በሯ ሁልጊዜ ገርበብ እንዳለ በድንጋይ ተይዟል፤ በዝናብም በብርድም።

በአምስተኛው ቀን «መጠጥ ካቆምክ ስንት ጊዜ ሆነህ?» አለች።

ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ መለስኩ።

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት።»

ከወዲያ በኩል አንድ ነገር ወደቀ። ቆይቶ ድምጿ መጣ፣ በጣም ቀስ ብሎ።

«ኪዱ... አንተ ነህ?»

ክው አልኩ። ኪዱ የሚባል የማውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱም ከሞተ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው።

«ጎረቤት ነኝ» አልኩ። «አስመላሽ እባላለሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ወጣች። ሃምሳ አምስት የሚሆናት ቀጭን ሴት ናት። ዓይኗ የኪዱ ዓይን ነበር። ማየት ፈራሁ፤ ማየቴንም አላቆምኩም።

«አስደነገጡኝ፣ ጋሼ።»

«እርስዎም አስደንግጠውኛል። ከማን ጋር ነው የሚያወሩት?»

«ከወንበር ጋር» ብላ ፈገግ አለች። «አምሳለ እባላለሁ፣ ነርስ ነኝ። በኦንላይን ሁለተኛ ዲግሪ እየተማርኩ ነው፤ ስለ መጠጥና ስለ አደንዛዥ ዕፅ ሱስ። ማለቴ፣ ሱስ ያለበትን ሰው እንዴት እንደምናነጋግር ልምምድ አለን። ሰው ስለሌለኝ የወንድሜን ወንበር አነጋግራለሁ።»

ወንበሩን በበሩ በኩል አየሁት። ካፖርት ለብሷል። የኮምፒዩተሩ ብርሃን ሲያርፍበት፣ ባዶው እጅጌ እጅ ያለበት ይመስል ነበር።

«በሩ ለምን አይዘጋም?»

«ወንድሜ ሲያመሽ ክፍት አድርጌ እጠብቀው ነበር። ሰክሮ መራመድ ሲያቅተው "በሩን ዝጊው በሏት" ብሎ ሰው ይልክብኛል። መጥተሽ ውሰጂኝ ማለቱ ነው፤ ቆልፌ ሄጄ አመጣዋለሁ። የሞተ ቀን ግን ሰው አልላከም። ስለዚህ... በቃ፣ አልዘጋሁትም።»

ሰው ልኮ ነበር። የተላከው እኔ ነበርኩ።

ኪዱና እኔ ለገሃር ባቡር ጣቢያ ዕቃ እንጭን ነበር። ባቡሩ ሥራ ሲያቆም አረቄው ቀረልን። በዚያ ዝናባም ቀን ኪዱ ከአረቄ ቤቱ አግዳሚ መነሳት አቃተው። «አምሳለን በሩን ዝጊው በላት» አለኝ። «ቤቱ የቱ ነው?» ስለው «በሩ ክፍት የሆነው» አለኝ። ሄድኩ። መንገድ ላይ ሌላ አረቄ ቤት አገኘሁ። ሲነጋ ኪዱ ቦይ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ መጠጥ አልቀመስኩም። መልእክቱንም አላደረስኩም።

ይህን ልነግራት አፌን ከፈትኩ። እሷ ቀደመችኝ።

«ለፈተናዬ ከሱስ የወጣ ሰው ማነጋገር አለብኝ፣ ጋሼ። ድምፁ ተቀርጾ ውጭ አገር ላሉት አስተማሪዬ ይላካል። ይረዱኛል?»

«እረዳለሁ» አልኩ።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከካፖርቱ አጠገብ እቀመጥ ጀመር። የሚያፈሰውን ጣሪያዋን ደፈንኩ። ሻይ አፈላችልኝ።

«ይህን ለማወቅ ሁለተኛ ዲግሪ ምን ያደርጋል?» አልኳት አንድ ቀን። «አረቄ ቤት አንድ ሳምንት መቀመጥ ይበቃል።»

«እርስዎ ስንት ዓመት ተቀመጡ?»

«አሥራ ሁለት።»

«ታዲያ ፕሮፌሰር ነዎት» አለችና ሳቀች።

በስድሳ ስድስት ዓመቴ ሽታ ያለው ሳሙና ገዛሁ። አንዳንዴ ግን ጨዋታችን መሀል ሁለታችንም ዝም ብለን ወደ ወንበሩ እናያለን። የሚሰማን ሰው ያለ ይመስል ነበር።

የቀረጻው ቀን መጣ። «በመጠጥዎ ምክንያት የተጎዳ ሰው አለ?» ብላ ጠየቀች።

ተነስቼ ወጣሁ። ሦስት ቀን በሬን ዘጋሁ።

በአራተኛው ቀን መጥታ አንኳኳች። ስከፍት ፊቴ ድረስ ተጠጋች።

«እስቲ ይተንፍሱ።»

ተነፈስኩ።

«አልጠጡም» አለች። የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠች። «ጠጥተው ነው ብዬ... አንድ ሰው ቀብሬያለሁ፣ ጋሼ። ሁለተኛ አልችልም።»

እንደወደደችኝ ያን ጊዜ ገባኝ። ከዚህ በኋላ ዝም ብል ሌብነት ነው።

«መቅረጫውን ክፈቺው» አልኩ። «ጥያቄውን ድገሚው።»

ወንበሩ ፊት ተቀመጥን። ደገመችው።

«አለ» አልኩ። «ኪዱ ወዳንቺ ልኮኝ ነበር። በሩን ዝጊው ብሎሻል። ሳላደርስ ጠጣሁ።»

ወደ ወንበሩ ዞረች።

«ልኮብኝ ነበር?»

«ልኮ ነበር።»

«ያን ቀን ብትነግረኝ ወንድሜ ይኖር ነበር።»

«ይኖር ነበር።»

 ወጣሁ።

ነሐሴ አለቀ። በግድግዳው በኩል ምንም አይሰማም። በሯ እንደተከፈተ ነበር። ዕቃዬን መሰብሰብ ጀመርኩ።

መስከረም ሲጠባ በሬ ላይ ቆመች።

«ቀረጻውን ከነትርጉሙ ላክሁት። አለፍኩ።»

«እንኳን ደስ አለሽ።»

«አስተማሪዬ አንድ ነገር ጠየቁኝ። ሦስተኛ ሰው ሲተነፍስ ይሰማል፣ ማነው አሉ።»

የያዝኩትን ዕቃ አስቀመጥኩ።

«ምን አልሻቸው?»

«ሄዷል አልኳቸው።»

ተከትያት እስከ በሯ ሄድኩ። ወንበሩ ላይ ካፖርቱ አልነበረም።

«ይቅር ለማለት አርባ ቀን ፈጀብኝ» አለች። «ረስቶኝ የሞተ ይመስለኝ ነበር። እንዳልረሳኝ የነገርከኝም አንተ ነህ። አሁን ልዘጋው እፈልጋለሁ። ውጭ የቀረ ሰው ግን አንድ አለ።»

«ማነው?»

«ግባ፣ አስመላሽ።»

ገባሁ። ድንጋዩን በእግሯ ወደ ውጭ ገፋችው። በሩንም ዘጋችው።

የኪዱ መልእክት ደረሰ።