ሠላሳ አራት ሰከንድ የዘገየች ጎል

ኢንስፔክተር ጉድሩን ሪስ ሬሳው አጠገብ ጎንበስ እንዳለች ኪሷ ውስጥ ያለው ስልክ ጮኸ። ሳታስብ አነሳችው።

«ጤና ይስጥልኝ! ቤትዎ አሁንም በኬብል ነው የሚጠቀሙት? ፋይበር ብናስገባልዎ እኮ…»

«የሞተ ሰው አጠገብ ነኝ» አለች ጉድሩን።

የኢንተርኔት ሻጩ ተስፋ አልቆረጠም። «ታዲያ መቼ ብደውል ይመችዎታል?»

ዘጋችበት። ሃያ ዘጠኝ ዓመት በግድያ ምርመራ ያሳለፈች ሴት ናት። ጉልበቷን ያማታል፤ እሁድ ምሽት ከቤቷ መጠራቱም አንገሽግሿታል። ስለ ክፋት አዲስ ነገር ካወቀች ብዙ ዘመን ሆኗታል፤ የሚያጋጥማት ሁሉ የቆየው ክፋት ነው።

ሟቹ ኤይናር ሊንግቢ ይባላል፤ የሰባ አንድ ዓመት ሰው ነው። የቬስተርሆልም መንደር የአንቴና ማኅበር ሊቀመንበር ነበር። ነዋሪዎቹ ከአርባ ዓመት በፊት በገዛ አካፋቸው ቆፍረው በቀበሩት ኬብል፣ ለመቶ ሃያ ቤት ቴሌቪዥንና ኢንተርኔት የሚሄደው ከዚህች ጠባብ የመሣሪያ ቤት ነው። ኤይናርም የወደቀው እዚሁ፣ አረንጓዴ መብራቶች ብልጭ ድርግም ከሚሉበት የብረት መደርደሪያ ሥር ነበር።

«ተገፍቷል» አለ ሐኪሙ። «የኮቱ ደረት ተቀዷል፤ ማጅራቱ ከብረቱ ጥግ ጋር ተጋጭቷል። ግን ወዲያው አልሞተም። ግማሽ ሰዓት፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ ቆይቷል። ሰው ቢደርስለት ይተርፍ ነበር።»

«ማን አገኘው?»

«የሚስቱ ወንድም፣ ቶርኪል። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ። በሩ ከውጭ ተቆልፎ ነበር፤ በራሱ ቁልፍ ከፍቶ ገባ።»

የኤይናር ቁልፍ ከኪሱ ተገኘ። ከቁልፉ ጋር አንድ ትንሽ ደብተርም ወጣ። በመጨረሻው ገጽ ግርጌ «ቶርኪል?» ተብሎ ተጽፎ፣ ከሥሩ ሁለት ጊዜ ቀጥ ተደርጎ ተሰምሮበታል።

በማግስቱ ጠዋት የሟቹ ሚስት ሶልቫይ ዓይኗ አብጦ ተቀበለቻት። ቴሌቪዥኑ ላይ ፎጣ ተጥሎበታል።

«የእጅ ኳስ ፍጻሜ እያየን አሥራ አንድ ሰዓት ከአርባ ላይ ምስሉ ጠፋ» አለች ሶልቫይ። «ኤይናር እየተነጫነጨ ሊጠግን ወጣ። አሥር ደቂቃም ሳይሞላ ምስሉ ተመለሰ። እሱ ግን አልተመለሰም። ጨዋታው አለቀ፤ እራቱ ቀዘቀዘ። ከዚያ ለወንድሜ ደወልኩ።»

«ቁልፉ ያለው እነማን ጋ ነው?»

«ኤይናር፣ ቶርኪል፣ ደግሞ ምክትሉ ሄኒንግ። ሌላ የለም።» እጆቿን አጣምራ ጨመቀቻቸው። «ባለፈው ሳምንት ቶርኪልና ኤይናር በስብሰባ መሐል ተጯጯሁ። ትናንት ቶርኪል ደጄን ሲያንኳኳ አልከፈትኩለትም። ወንድሜ እኮ ነው፣ ኢንስፔክተር! ባሌን ቀብሬ ደግሞ ወንድሜን እስር ቤት ስጠይቅ ልኑር? ያም ሆነ ይህ እውነቱን ይንገሩኝ። አለማወቁ ነው የሚገድለኝ።»

ጉድሩን ብድግ አለች። ቃል መግባት ከተወች ቆይታለች።

ቶርኪል የሥራ ሱሪ ለብሶ፣ ሽበታም ውሻ አስከትሎ በራሱ ቤት በር ላይ ተቀበላት። የማኅበሩን ኬብል ሠላሳ ዓመት በነጻ ሲጠግን የኖረ ሰው ነው።

«ኤይናርን "እኔ በሕይወት እያለሁ አይሆንም" ብለውታል?»

«ብየዋለሁ።»

«ምን አድርጎዎት?»

«ማኅበሩ ኬብሉንና ፋይበሩን አወዳድር አለው። አወዳደረና ኢንተርኔቱ በፋይበር ይሻላል ብሎ ጻፈ። ደግሞ እውነቱን ነው! የሚያናድደውም እሱ ነው። ስንት ክረምት በረዶ ቆፍሬ፣ እጄ አመድ አፋሽ ሆኖ ቀረ።»

«ትናንት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የት ነበሩ?»

«ውሻዬን ይዤ ጫካ። እጅ ኳስ አልወድም።»

«እዚህ አገር ተወልደው እጅ ኳስ አይወዱም?»

«አንድ ሰው አይጠፋም» አለ ቶርኪል። ከዚያ ድምፁ ወረደ። «እህቴ ምን አለች?»

ጉድሩን ጫማዋን አየች። «በሩን አልከፈትኩለትም አለች።»

ቶርኪል ራሱን ነቀነቀና ውሻውን መደባበስ ጀመረ። 

ምክትል ሊቀመንበሩ ሄኒንግ ንጹሕ ሹራብ የለበሰ፣ ፈገግታ የሚቀናው ጡረተኛ መምህር ነው። ከጎረቤቱ ከኡላ ጋር የሚለያዩት በአንድ ግድግዳ ብቻ ነው። ማኅበሩ ሁለቱን ለማወዳደር ብሎ ኬብሉን ነቅሎ፣ ለአንድ ወር ለሙከራ ፋይበር ያስገባው በእሱ ቤት ነበር።

«እንዴት አገኙት?» አለች ጉድሩን። «እኔም መምረጥ አቅቶኛል። አንዱ ፍጥነት ይለኛል፣ አንዱ መቶ ጣቢያ። ጆሮዬን አደነቆሩት።»

«ሌላው ይቅር፣ ኢንተርኔቱን ይዩ!» ሄኒንግ ፊቱ በራ። «ልጄ ኒውዚላንድ ናት። በኬብሉ ስንነጋገር የልጅ ልጄ ፊት ስክሪኑ ላይ ደርቆ ይቀር ነበር፤ አፏ እንደተከፈተ። አሁን ስትስቅ አያታለሁ። መንደሩ ውስጥ ሰባ ሁለት ቤት ከፈረመ ኩባንያው ይቆፍራል፤ ካልፈረመ ግን ይሄንንም ነቅሎ ይሄዳል።»

«ፈረሙ?»

«ልክ ሰባ ሁለት!»

«ትናንት ማታስ?»

«እዚቺው ወንበር ላይ ነበርኩ። የመጨረሻዋ ሰከንድ ላይ ያቺ ጎል ስትገባ ብድግ ብዬ ጮህኩ፤ ኡላም በግድግዳው ማዶ እኩል ጮኸች። መንገዱ በሙሉ አንድ ላይ! አርባ ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው የምናየው።»

ጉድሩን አመስግና ወጣች። ኡላ ደግሞ ጆሮዋ የከበደ፣ ምላሷ የቀለለ አሮጊት ናት። «እኔ ራሴ ስጮህ የማንን ጩኸት እሰማለሁ?» አለቻት። «ኤይናር ግን ባለፈው ሳምንት መጥቶ እዚህ ግድግዳ ሥር ሰዓት ይዞ ተቀምጦ ነበር። ምን እየሠራህ ነው ብለው፣ ዝም በይ እየቆጠርኩ ነው አለኝ። ባለጌ!»

ጉድሩን መኪናዋ ውስጥ ገብታ የኤይናርን ደብተር እንደገና ከፈተች። ጽሑፉ ጥርት ያለ ነው፤ በአንድ በኩል ኬብል፣ በሌላው ፋይበር። አንዱን መስመር ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ስልኳን አውጥታ ወደ ትናንቱ ሻጭ ደወለች።

«አሁን ይመቸኛል» አለችው። «ኢንስፔክተር ሪስ እባላለሁ። ኩባንያችሁ ከቬስተርሆልም የተቀበለውን የፈራሚዎች ዝርዝር እፈልጋለሁ።»

ማክሰኞ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ሶልቫይ፣ ቶርኪልና ሄኒንግ በሄኒንግ ሳሎን ተቀመጡ። የእህትየዋና የወንድሟ ወንበር በክፍሉ ሁለት ጫፍ ነበር። በሩ ላይ አንድ ፖሊስ ቆሟል።

«ደክሞኛል፣ ስለዚህ አላረዝመውም» አለች ጉድሩን። «በሩ ከውጭ ተቆልፏል። የኤይናር ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ነው። የቀሩት ሁለት ቁልፎች ናቸው፤ የአቶ ቶርኪልና የአቶ ሄኒንግ።»

ሄኒንግ ወደ ቶርኪል በሐዘኔታ ተመለከተ። «ኤይናር ስም ጽፏል ሲባል ሰምቻለሁ።»

«ጽፏል። ግን በማስመሪያ አስምሮበታል። እየሞተ ያለ ሰው ማስመሪያ አይፈልግም። ቀደም ብሎ የጻፈው ጥያቄ ነው፤ የተጻፈውም ሰባ ሁለት ከሚለው ቁጥር ሥር ነው።» አንድ ወረቀት ዘረጋች። «አቶ ቶርኪል፣ ለፋይበር ፈርመዋል?»

«እኔ? እጄ ይቆረጥ!»

«ፊርማዎ ግን እዚህ አለ። የሌሎች ሁለት ሰዎችም አለ። ዛሬ ጠዋት ጠየቅኳቸው፤ አልፈረምንም አሉ። ኤይናር የቀሩትን ሊጠራጠር ይችል ይሆናል፤ የእርስዎን ስም ሲያይ ግን ፊርማው ሐሰት መሆኑን አውቋል። ዝርዝሩን ያሰባሰቡት አቶ ሄኒንግ ናቸው።»

«የፊርማ ስህተት ሰው አይገድልም» አለ ሄኒንግ፤ ፈገግታው ግን ጠፍቷል። «እኔ እዚህ ጨዋታ ሳይ ነበርኩ።»

«እስቲ ቴሌቪዥኑን ይክፈቱት። የማታው ዜና ሊጀምር ነው።»

ከፈተው። የአየር ጠባይ የምታነበው ሴት እያወራች ነበር። ጉድሩን በእጇ ዝም አሰኘቻቸው። በግድግዳው ማዶ፣ ኡላ እንደተነገራት ድምፁን እስከ መጨረሻው በለቀቀችው ቴሌቪዥን፣ የዜናው መክፈቻ ሙዚቃ ጮኸ። የሄኒንግ ቴሌቪዥን ላይ ግን ሴትየዋ አሁንም ስለ በረዶ ታወራለች። ጉድሩን ሰዓቷን ይዛ ቆጠረች። ሶልቫይ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ሙዚቃው በዚህ ቤት የተሰማው ከሠላሳ አራት ሰከንድ በኋላ ነው።

«ኤይናር መዝግቦታል» አለች ጉድሩን። «በኢንተርኔት ፋይበር ይበልጣል። ቴሌቪዥኑ ግን ከኬብሉ ወደኋላ ይቀራል። እሁድ እዚህ ወንበር ላይ ቢሆኑ ኖሮ የመንደሩ ጩኸት ቀድሞ ይደርስዎት ነበር፤ ጎሏ ገና ሳትገባ። አንድ ላይ ጮኽን ያሉኝ የአርባ ዓመቱን ልማድ ነው። በዚህ ቴሌቪዥን ጨዋታ አላዩም። ጩኸቱን ግን ሰምተዋል። የት ሆነው ሰሙት?»

ሄኒንግ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀነሰ።

«የመሣሪያ ቤቱን መብራት አየሁ» አለ። «ኬብሉ ተበላሽቶ ሲያስተካክል ልቀልድበት ሄድኩ። እሱ ግን ዝርዝሩን አውጥቶ አስነበበኝ። ነገ ለኩባንያው እጽፋለሁ፣ ፋይበሩ ይቀራል አለኝ። ያቺን ሕፃን ዳግመኛ ደርቃ ማየት… ገፋሁት። አንድ ጊዜ ብቻ።»

«በሩንስ?» አለች ሶልቫይ።

«ስንወጣ ሁልጊዜ እንቆልፋለን። እጄ ለምዶት…»

«በሩ ሲዘጋ ኤይናር ምን አለ? ተናግሮ ነበር?»

ሄኒንግ ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። «በስሜ ጠራኝ። ቁልፉን ሳዞር መንደሩ በሙሉ ጮኸ፤ ከዚያ በኋላ አልሰማሁትም። መስማት ያቆምኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም።»

ፖሊሱ ይዞት ወጣ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ጉድሩን ግን ሲጠራ ደስ ብሏት አያውቅም። ኮቷን ለብሳ፣ አዝናለሁ ብላ ወደ መኪናዋ ሄደች።

ሳሎኑ ውስጥ ሁለቱ ብቻ ቀሩ። ቶርኪል ቀና ብሎ እህቱን ለማየት አልደፈረም።

«እሁድ ደጄ ላይ ምን ያህል ቆምክ?» አለችው ሶልቫይ።

«ብዙም አልቆምኩ።»

«ቶርኪል። ምን ያህል?»

«ውሻው በብርድ መንቀጥቀጥ እስኪጀምር።»

ሶልቫይ የሄኒንግን ቴሌቪዥን አጠፋችና ወደ ወንድሟ መጣች፤ ክንዱንም ያዘች።

«ዛሬ በሬን ክፍት ትቼው ነው የመጣሁት» አለችው። «ና፣ ውሻውንም አምጣው።»