ያልተጻፈው ሰርግ

ሉኻንዮ አንድ ቀን አመሻሽ ላይ በደቡብ አፍሪካዋ ምዳንትሳኔ ከተማ በሚገኘው ቤቱ የውጭ ደረጃ ሥር በጀርባው ተዘርሮ ተገኘ። ጭንቅላቱ ወደ ግቢው፣ እግሮቹ ደረጃው ላይ ነበሩ።

«አዳልጦት ነው» አለ ቀድሞ የደረሰው ፖሊስ።

መርማሪዋ ኖምፉንዶ ጎንበስ ብላ አየች። «እየወረደ ቢያዳልጠው ጭንቅላቱ ወደ በሩ ይሆን ነበር፤ ቢደናቀፍ ደግሞ በፊቱ ይደፋ ነበር። ይሄ ሰው ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ነበር የቆመው። በሩ ላይ ሰው ነበረ።»

ሉኻንዮ የወንጀል ልቦለድ ጸሐፊ ነበር። በአራቱም መጻሕፍቱ ነፍሰ ገዳይ የሚያሳድደው መርማሪ ወንድ የሚወድ ወንድ ነው። አንባቢ ይሻማባቸዋል፤ ዘመድ ግን አንገቱን ይደፋል።

አሳታሚዋ ቪዳ አልሸሸገችም። «ተጣልተናል። በአምስተኛው መጽሐፍ የመርማሪው ፍቅረኛ ይሙት፣ እንባ ይሸጣል አልኩት። ‹የእኛ ሰው በየመጽሐፉ ሲሞት ሰለቸኝ፤ እድራቸዋለሁ› አለኝ።»

«ሰርጉን አንብበሻል?»

«መች ጽፎ ጨረሰውና!»

አብሮት የሚኖረው ፍቅረኛው አያቡሌላ ነርስ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከሥራው እንዳልወጣ ባልደረቦቹ መስክረዋል። «ምሳ ሰዓት ላይ ደወለልኝ። ሰርጉ የሆነ ነገር ጎድሎታል አለኝ። የአያቶቻችሁ ውዳሴ፣ የጎሳችሁ ግጥም፣ የማይባልበት ምን ሰርግ ነው አልኩት። ሳቀ። ‹አሁኑኑ አስገባዋለሁ› አለ።»

የሉኻንዮ ታላቅ ወንድም ዞላ ክንዱን አጣምሮ ጠበቃት። «እናታችን ከተቀበረች ወዲህ ደጁን አልረገጥኩም። ስልክም አንደዋወልም።»

«ምን አጣላችሁ?»

«ምን አጣላችሁ ትላለች እንዴ! የአያቶቻችንን ውዳሴ ለሁለት ወንዶች ሰርግ ሲያዘፍን ላጨብጭብለት እህቴ?»

ኖምፉንዶ ቃሉን ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች።

በማግስቱ ሁሉንም አባትየው አባባ ምቡሌሎ ቤት ሰበሰበቻቸው። አያቡሌላን ግባ ያለው ስላልነበረ የበሩ ደፍ ላይ ቆሞ ቀረ።

«ሰርግ እንደሚጽፍ ብዙ ሰው ያውቃል» አለች። «ውዳሴው ግን የመጣው በዚያው ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ነው። አሳታሚዋ አልሰማችም። አያቡሌላ ለእኔ እስኪነግረኝ ድረስ ለማንም አልተነፈሰም። ሉኻንዮም ከዚያ በኋላ ለማንም አልደወለም፤ ስልኩን አይተናል። እንግዲህ ዞላ፣ ደጁን ሳትረግጥ ከማን ሰማህ?»

ኖምፉንዶ ወደ ዞላ ተጠጋች።

«ከራሱ ከሉኻንዮ አፍ ነው የሰማኸው። ከምሳ በኋላ፣ በር ላይ።»

ዞላ ወደ አባቱ ዞረ። «እንዲተወው ልለምነው ነበር የሄድኩት፣ አባባ። ሊሸኘኝ ቀድሞኝ ወጥቶ፣ ደረጃው ላይ ወደ እኔ ዞሮ ውዳሴያችንን አሰማኝ። ‹የእኔም ነው› አለኝ። ገፋሁት። አንዴ ነው የገፋሁት።»

ፖሊሶቹ ይዘውት ሲወጡ አያቡሌላ ግድግዳውን ተደግፎ «እኔ ነኝ ውዳሴውን ያስገባሁት፤ እኔ ነኝ» ይል ነበር።

ሽማግሌው ባዶ ወንበር ወደ አያቡሌላ ገፋ አደረጉ።

«አንተ ልጅ፣ ና ቁጭ በል» አሉት። «በመጽሐፉ ሰርግ ላይ... እኔ ነበርኩ?»

«ነበሩ፣ አባባ። ከሙሽሮቹ አጠገብ ነው ያስቀመጠዎት።»

«ምን አልኩ?»

«እሱን አልጻፈውም። ‹አባቴ ምን እንደሚል አላውቅም› ይል ነበር።»

አባባ ምቡሌሎ አፋቸውን ከፈቱ። አያቡሌላ ጠበቃቸው፤ ቃል ግን አልወጣቸውም።