የቀረችው አንዲት ዝላይ

መጋቢት 8 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ የደብረ ዘይት ዕለት፣ ከሰሜን ባሕር የተነሣው ነፋስ የማስን ወንዝ ተከትሎ ሮተርዳም ገባና የዋልሃቨንን ወደብ ክሬኖች ሲያስፏጭ ዋለ፤ ከወደቡ ጀርባ፣ በሻርሎይስ ሠፈር፣ የወደብ ሠራተኞች ያቋቋሙት የአንድ ትንሽ ክለብ ሜዳ ነበር፤ ሣሩም በዚያ ዓመት ብርቱ ውርጭ ተቃጥሎ ሰንብቶ ገና ነፍስ መዝራቱ ነበር። ጨዋታው አልቆ ተመልካቹ ወደ ካንቲኑ ሲጋፋ፣ አንድ ረጅም ጠይም ሽማግሌ ባልዲና መወልወያ ይዘው የመልበሻ ክፍሉን በር አንኳኩ። ሰው ሁሉ ዘው ብሎ በሚገባበት በር ላይ የሚያንኳኩ እሳቸው ብቻ ነበሩ።

እኒህ ሰው ሻምበል ባሻ አድማሴ ገብረመድህን ናቸው። ሆላንዶቹ ስማቸው ቢረዝምባቸው ቆርጠው «አድማ» ይሏቸዋል፤ እሳቸውም ለአድማ ሳይሆን ለጽዳት መምጣታቸውን የሚያስረዱበት ቋንቋ ስላጠራቸው ዝም ብለው «አቤት» ይላሉ። በአገራቸው፣ በምሥራቅ በሰፈረ አንድ ክፍለ ጦር ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ያገለገሉ፣ በዘመቻ ጊዜ ቁስለኛ የሚያነሡ፣ በሰላም ጊዜ ደግሞ የክፍለ ጦሩ እግር ኳስ ቡድን ወጌሻ የነበሩ ናቸው፤ ወጌሻነቱም ከአባት ከአያት የወረደላቸው ነው። የአብዮቱ ነገር ሲከፋ በጅቡቲ በኩል ወጥተው ሆላንድ ገቡ፤ በሥራ ቀን የቢሮ ወለል፣ እሑድ እሑድ የዚህን ክለብ ቤት ያጸዳሉ። እጃቸው ግን ከስድስት ዓመት ወዲህ አጥንት ነክቶ አያውቅም፤ ይህ አገር የሙያ ወረቀት ለሌለው ሰው እግሩን አያስነካም።

በዚያ ዕለት በመልበሻ ክፍሉ የቀረው አንድ ሰው ነበር፤ ደሪክ ሆልሮይድ የተባለ እንግሊዛዊ አጥቂ። ዕድሜው ሠላሳ ሰባት፣ ፀጉሩ የሳሳ፣ አፍንጫው ሁለት ቦታ የታጠፈ ሰው ነው፤ በአገሩ በሦስተኛና በአራተኛ ዲቪዚዮን ዐሥራ ሦስት ዓመት ተጫውቶ 163 ጎል አግብቷል፤ ከዚያ ውስጥ የሚበዛውን ያገባው በቴስታ ነው፤ ሆኖም ከእነዚያ ጭስና ዝናብ ከማይለያቸው ከተሞች ውጭ ስሙን የሰማ አልነበረም። ወደ ሆላንድ ተሻግሮ በሄግ አቅራቢያ ጥቂት ከተጫወተ በኋላ በወደቡ ዕቃ ጫኝ ሆነ፤ እሑድ እሑድም የሻርሎይስን ማለያ ይለብስ ነበር። አሁን አግዳሚው ላይ ተቀምጦ የግራ ታኬታውን ማውለቅ አቅቶታል።

ሻምበል ባሻ አስቀድመው ያዩት ታኬታውን ነው። የቀኙ ከላይ እስከ ታች እኩል ተበልቷል፤ የግራው የፊቱ ብቻ አልቆ የተረከዙ አዲስ ነበር። ባልዲውን አስቀመጡ።

«ሚስተር ደሪክ፣ ቢፈቅዱልኝ እግርዎን ልይልዎ፤» አሉ፣ በጦር ሠራዊት ቤት በተማሩት እንግሊዝኛ።

«ሐኪም ነዎት?»

«አይደለሁም። ወጌሻ ነኝ።» ለቃሉ የሚሆን እንግሊዝኛ አላገኙለትም።

ደሪክ ትከሻውን ሰበቀና ግራ እግሩን ዘረጋ። ሻምበል ባሻም ተንበርክከው፣ እጃቸውን በሱሪያቸው ጠርገው፣ ታኬታውን በቀስታ አውልቀው፣ በሁለት አውራ ጣታቸው ከቅልጥሙ ጀመሩ።

«ይህ ሁለት ጊዜ ተሰብሯል። ሁለተኛው ሳይጠና ነው የረገጡበት።»

ደሪክ ቀና አለ። «ሮችዴል፣ ስድሳ ስምንት፤» አለ በአገሩ አቆጣጠር፣ ቀስ ብሎ። «ሁለተኛው ክሩ በምትባል ከተማ ነው። ስድስት ሳምንት ተኛ ተብዬ በአራተኛው ተጫወትሁ።»

«ይህች የጉልበት ሎሚ ከቦታዋ ወጥታ ተመልሳለች፤ የመለሳት ሰው እጁ ደግ ነው።»

«ሃርትልፑል። የመለሰልኝ የተጋጣሚያችን ግብ ጠባቂ ነበር፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ ሥጋ ይሸጣል።»

«ቁርጭምጭሚትዎስ? ወለምታው ተደራርቧል።»

«እሱን እንኳ እኔም አልቆጠርሁት።»

እንዲህ እያሉ እሳቸው አጥንቱን ሲጠሩ እሱ ከተማውንና ዓመቱን እየጠራ ወደ ታች ወረዱ። ሻምበል ባሻ በዕድሜያቸው ብዙ እግር ዳስሰዋል፤ ጥይት የመታው፣ ፈንጂ ያነሣው፣ ከፈረስ የወደቀ። በገዛ ፈቃዱ ይህን ሁሉ ጠግኖ እንደገና ወደ ጭቃ የተመለሰ እግር ግን ነክተው አያውቁም። ማንም በማያየው ሜዳ፣ በማይዘምርለት ሕዝብ ፊት፣ ይህ ሰው በዚህ እግር እየዘለለ ያን ሁሉ ጊዜ ከሰው ሁሉ በላይ መውጣቱን ሲያስቡት ተገረሙ፤ ከመገረምም አልፎ አንድ ዓይነት ፍርሃት ያዛቸውና፣ የተቀደሰ ነገር እንደነካ ሰው እጃቸውን አንሥተው እንደገና በቀስታ አሳረፉ።

ተረከዙ ላይ ሲደርሱ ግን ፊታቸው ተለወጠ። ጅማቱ እንደ አሮጌ ጠፍር ክር ክሩ ተለያይቶ ነበር።

«ይህ ሊበጠስ ነው። ከእንግዲህ ቢሮጡበት ዕድሜዎን ሙሉ ያነክሳሉ።»

ደሪክ ጎንበስ ብሎ ተረከዙን አየ። ቀጥሎም «ከአምስት ሳምንት በኋላስ?» ሲል ጠየቀ።

ጥያቄው ለምን እንደመጣ ሻምበል ባሻ ያውቁታል። በዚያ ዓመት በወሎና በትግራይ የወረደው ረኃብ በፈረንጅ አገር ቴሌቪዥን ሁሉ ይታይ ነበር፤ በየትራሙ የሚቀመጥ ሰው ሐበሻ ባየ ቁጥር ዓይኑን በሐዘን ይሰብር ነበር። የሮተርዳም ስደተኞች ማኅበር ጸሐፊ ሸዋዬ ጣሰው፣ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ የምትሠራ ቆፍጣና ሴት፣ ከክለቡ ጋር ተነጋግራ ለተራቡት መርጃ የሚሆን ግጥሚያ አሰናድታለች፤ ቀኑ ሚያዝያ 13፣ የዳግማይ ትንሣኤ እሑድ፤ ተጋጣሚዎቹ ከአምስተርዳም የሚመጡ፣ ጨዋታ ያቆሙ የቀድሞ ተጫዋቾች ናቸው። በፖስተሩም ላይ ከሁሉ ጎልቶ የተሣለው የደሪክ ግንባር ነበር።

ሸዋዬ ወሬውን በሰማች በማግሥቱ ሻምበል ባሻ ቤት ከች አለች።

«ጋሽ አድማሴ፣ ምን ብለው ነው ሰውየውን ያስደነገጡት? የከተማው ኸሜንተ ሜዳውን ፈቅዶልናል፤ ፖስተሩ በየትራሙ ሃልተ ተለጥፏል፤ ሰው የሚመጣው የሱን ቴስታ ሊያይ እንጂ የእኛን ፊት ሊያይ መሰለዎ?»

«እጄ ያገኘውን ነው የነገርሁት።»

«እኅቴ የትነበርሽ ልጆቿን ይዛ ከቆቦ ከወጣች ስድስት ወሯ ነው፤ በየት እንደገባች የነገረኝ የለም። እርስዎ ደግሞ የአንድ ፈረንጅ ተረከዝ ያሳስብዎታል!»

«ቁጭ በይ፣ ልጄ፤» አሏትና ለማንም ነግረውት የማያውቁትን ነገሯት፤ በ1967 ዓ.ም. ክፍለ ጦራቸው ለዋንጫ ሲቀርብ፣ አሥር አለቃ ግርማ የሚባል አጥቂ ጉልበቱን አሞት ነበር፤ አጥንቱ መሰንጠቁን በእጃቸው አገኙት፤ አዛዡ ኮሎኔል ግን «ደህና ነው በል» ብለው አዘዙ፤ ሻምበል ባሻም ደህና ነው አሉ። ዋንጫው መጣ፤ ግርማ ግን ከዚያ ወዲያ ያለ ከዘራ አልሄደም። «ያን ቀን እጄ ያወቀውን አፌ ካደው። ዛሬም ለአገሬ ብዬ ልድገመው?»

ሸዋዬ እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። በመጨረሻ «እንግዲያው ያገኙትን ሁሉ ይንገሩት፤ ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ። ከዚያ እሱ ያውቃል፤» ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

ከዚያ በኋላ ደሪክ መጫወቱን ትቶ ከሥራ ሲወጣ በቀጥታ ወደ ሻምበል ባሻ ቤት ይመጣ ጀመር። እሳቸውም ያሹታል፤ ቅቤው ሽታው ጾም ያስፈታኛል ብለው እስከ ፋሲካ በዘይት፣ ከፋሲካ ወዲህ በቅቤ። ደሪክ የቅቤውን ሽታ ይዞ ወደቡ ሲገባ ጓደኞቹ ይሥቁበት ነበር። ጅማቱ ግን አልተመለሰም፤ ወጌሻ ያሻል እንጂ ጅማት አይፈጥርም። በግጥሚያው ዋዜማ፣ ቅዳሜ፣ ደሪክ እግሩን ዘርግቶ እንደተቀመጠ እንዲህ አለ፦

«የማይችለውን ነግረውኛል። የሚችለውንስ?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ ከበሽተኛ ሰምተው አያውቁም። ዓይናቸውን ጨፍነው ሁለቱንም እግሮች ደጋግመው ዳሰሱ፤ መዋሸት አይሆንም፤ ያገኙትን መደበቅም እንዲሁ ውሸት ነው።

«አንዲት ዝላይ፤» አሉ። «ሩጫ የለም፤ መዞር የለም። በቀኝ ተነሥተው በቀኝ ያርፋሉ። ግራው መሬት ቀድሞ ከነካ አበቃ። ሁለተኛ የለችም።»

ደሪክ ሣቀ፤ ከዚያ ሣቁ ደረቀና «አንዲት ትበቃኛለች፤» አለ።

ሚያዝያ 13 ቀን ዝናብ እያካፋ ሕዝቡ ሜዳውን ከበበው፤ ከሄግ የላክ ሠፈር ስደተኞች በባቡር፣ ከስኪፖል አውሮፕላን ጣቢያ የጽዳት ሠራተኞች ዩኒፎርማቸውን እንደለበሱ፣ የሻርሎይስ ሽማግሎች ከነውሾቻቸው መጡ። ደሪክ ከፍፁም ቅጣት ምት ክልሉ ጫፍ ቆመ፤ አልሮጠም፤ ኳስ አልጠየቀም። ሩብ ሰዓት እንዳለፈ ተመልካቹ ማጉረምረም ጀመረ። በሠላሳኛው ደቂቃ ከግራ መስመር ግሩም ኳስ ተሻማችለት፤ ልትነካው ምንም አልቀራት፤ እሱ ግን ቀና ብሎ አያትና አሳለፋት። ያን ጊዜ ፉጨቱ ቀለጠ። «ሃውተን ክላስ!» እያሉ ሰደቡት፤ ድንዝዝ የእንጨት ግንድ ማለታቸው ነው። ሸዋዬ ፊቷን ሸፈነች።

በጎን መስመሩ ጥላ ይዘው የቆሙት ሻምበል ባሻ ግን ኳሷ አንድ ስንዝር ወደ ኋላ እንደቀረች አይተዋል፤ ቢዘል በግራው ማረፉ ነበር። ዐሥራ ሦስት ዓመት በጎል የኖረ ሰው፣ ስድብ እየዘነበበት፣ ለአንድ ስንዝር ብሎ ጎልን ሲያሳልፍ ማየት ልባቸውን አራደው። ከጎል ይልቅ ይህ ገረማቸው።

ሁለት ለሁለት ሆነው ሊያበቃ ዐሥር ደቂቃ ሲቀረው፣ ከቀኝ በኩል አንዲት ኳስ ተነሣች። ደሪክ ሁለት እርምጃ ብቻ ተራመደ። ሰውየው በቀኝ እግሩ መሬቱን ገፍቶ ወጣ፤ ተከላካዮቹ ወጥተው ሲወርዱ እሱ ገና አየር ላይ ነበር፤ ዝናቡ ግንባሩ ላይ ሲያብለጨልጭ ይታያል፤ አንገቱ አንድ ጊዜ ዞረ፤ ኳሷም በቋሚው ሥር ገብታ መረቡን ነፋችው። ጩኸቱ ከወደቡ የመርከብ ጥሩምባ ይልቅ አስተጋባ። ደሪክ ግን እጁን አላነሣም፤ በቀኝ እግሩ አርፎ፣ ግራውን አጥፎ እንደ ሽመላ ቆመ፤ ዓይኑ ሻምበል ባሻን ፈለገ። እሳቸውም ዳኛውን ሳያስፈቅዱ፣ ከነጥላቸው፣ እያለቀሱ ገቡና ትከሻቸውን ሰጡት።

«ጅማቱ ይዟል?» አላቸው።

«ይዟል።»

በማግሥቱ የሠፈሩ ጋዜጣ ውጤቱን ጻፈ፤ ጎል አግቢውን «ሆልሮፍ» ብሎ ካሳሳተ በኋላ፣ እንግሊዛዊው እንደ መንገድ መብራት ተገትሮ ውሎ በዕድል እንዳገባ አተተ። ከጽሑፉ ጎን በወጣው ፎቶግራፍ ላይ የሻምበል ባሻ ጥላ ግማሹ ይታያል፤ ፊታቸው ተቆርጧል። በእንግሊዝ አገር የታተመው የተጫዋቾች መዝገብም የሆልሮይድን ጎሎች 163 ብሎ አቁሞታል፤ የወዳጅነት ጎል አይቆጠርምና። በተሰበሰበው ገንዘብ የተገዛው እህል በመርከብ ሄደ፤ ሸዋዬ ስለ እኅቷ የተጻፈ ደብዳቤ ያገኘችው ግን ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ ከእኅቷ ሦስት ልጆች ሁለቱ ተርፈዋል። ሻምበል ባሻም በዚያው ሳምንት ለአሥር አለቃ ግርማ ረጅም የይቅርታ ደብዳቤ ጽፈው ነበር፤ መልስ አልመጣላቸውም።

በሰኔ 1980 ዓ.ም. ሆላንድ የአውሮፓን ዋንጫ ስትወስድ፣ የአምስተርዳም ቦዮች ዳርና ዳር በሕዝብ ተሞላ፤ የዚያን ቀን ጀግኖች ስምና የዘፈነው ሕዝብ ብዛት በታሪክ ተጽፎ ተቀምጧል። ትራሙ በሰው ብዛት ቆሞ ስለነበር ከሮተርዳም የመጡ ሁለት ሰዎች እስከ ባቡር ጣቢያው በእግራቸው ተመለሱ፤ አንደኛው የአርባ ዓመት ሰው፣ ሁለተኛው ሽማግሌ። ሽማግሌው አውቀው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ቀሩ። በዙሪያቸው ሰው ሁሉ እየዘለለ ሰማይ ሰማዩን ሲያይ፣ እሳቸው የሚያዩት አንድ ግራ ተረከዝ ነበር፤ መሬቱን ይረግጣል፤ ይነሣል፤ ደግሞ ይረግጣል።