«አትሂድ» እና «አይሂዱ»

የእንግሊዝኛው መምህርና የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ የተዋወቁት በቁጣ ነበር። የክፍሉ ጣሪያ አፍስሶበት ተማሪዎቹን አስከትሎ ሲገባ፣ ማን እንደሆነ እንኳ ሳታይ «ጸጥታ!» ብላ ጮኸችበት።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ እስከ ጆሮው ቀልቶ።

«ኧረ እርስዎ ይቅር ይበሉኝ! ከልጆቹ አንዱ መስለውኝ ነው።»

በዚያው «እርስዎ» ተባብለው ቀሩ። ሁለቱም ገና ሠላሳ አልሞላቸውም። ተማሪዎቹ ግን «ሽማግሌዎቹ» እያሉ ያሟቸዋል።

ጣሪያው ቢጠገንም መምህሩ ሐሙስ ሐሙስ ለፈተና የሚዘጋጁትን ልጆች እዚያው ማስጠናቱን አልተወም። አጭር ልብ ወለድ ያነባሉ፤ ማን ምን ፈለገ፣ ለምን ዝም አለ እያሉ ይመረምራሉ። ተማሪ አንድ ነገር በተናገረ ቁጥር መምህሩ «ማስረጃህ የትኛው መስመር ላይ ነው?» ይላል። እሷ መጽሐፍ የምትደረድር መስላ ታዳምጣለች። ቀና ሲል ዐይኗን ትሰብራለች፤ ቀና ስትል እሱ ይሰብራል። እንዲህ ሲሆኑ ዓመቱ አለቀ።

ያኔ ሁለት ነገር አብሮ መጣ። መምህሩ ሌላ ከተማ የተሻለ ሥራ አገኘና ዳይሬክተሩ በሰው ፊት «ትሄዳለህ ወይስ ትቀራለህ? ነገ ቁርጡን ንገረኝ» አሉት። እሷን ደግሞ የሰፈሩ ፋርማሲስት ለትዳር ጠይቋታል። እናቷም «ደግ ልጅ ነው፤ ሰውን በተስፋ አታቁሚው» እያሉ ይወተውቷታል። መምህሩ ቢቀር መልሷ አንድ ነበር፤ ቢሄድ ሌላ። ይህን ከፈጣሪ በቀር ያወቀ የለም።

የዚያን ሐሙስ ታሪክ የአንዲት ቤት አከራይና የተከራይዋ ነበር። ሰውዬው ሻንጣውን ይዞ በሩ ላይ ሲደርስ ሴትዮዋ «ዶንት ጎ» ትለዋለች፤ ታሪኩም ያበቃል።

«ይህን በእኛ ቋንቋ ብትለው ምን ትላለች?» አለ መምህሩ። «እንግሊዝኛው አንተንና እርስዎን አይለይም። እኛ ግን መምረጥ ግድ ይለናል።»

«‹አይሂዱ› ነዋ!» አለ አንዱ ቀልደኛ። «ኪራይ የሚከፍል ሰው ይከበራል!»

ሳቁ። አጠገቡ የተቀመጠችው አፈ ጮሌ ግን «አንተ ደግሞ! ወዳዋለች እኮ። ቆይ፣ እሳቸውን እንጠይቅ» ብላ ወደ ሠራተኛዋ ዞረች። «እርስዎ ቢሆኑ ምን ይሉታል?»

ሠራተኛዋ የያዘችውን መጽሐፍ አስቀመጠች። መምህሩን አየችው። በዚህ ጊዜ ዐይኗን አልሰበረችም።

«አትሂድ» አለች።

ቀልደኛው አፉን ሊከፍት ሲል አፈ ጮሌዋ በክርኗ ጎሸመችው። መምህሩ ሲደነግጥ ልማዱ ነውና ወረቀቱ ላይ አቀረቀረ።

«ጥሩ ነው» አለ። «ግን... ማስረጃው የትኛው መስመር ላይ ነው?»

«መስመር እንኳ የለኝም።»

«እንግዲያው ባንደፍር ይሻላል። ‹አይሂዱ› የሚለው ሳይቀርብ አይቀርም።»

«እሺ መምህር» አለች ቀስ ብላ። «አይሂዱ።»

ሁለቱንም አለችው። እሱም «ትክክል!» ብሎ ሰሌዳው ላይ ጻፈው።

በማግስቱ ለዳይሬክተሩ እሄዳለሁ አለ። ብትፈልገኝ ኖሮ ትነግረኝ ነበር ብሎ ራሱን አሳምኖ ነበር።

በአዲሱ ትምህርት ቤት ያንኑ ታሪክ ሲያስተምር አንድ ተማሪ «አይሂዱ» ብሎ መለሰ። መምህሩ ሊያመሰግነው አፉን ከፍቶ እንደ ቆመ ቀረ። የተናገረው ልጁ ነው፤ የሰማው ግን የእሷን ድምፅ ነበር። ደወሉ እስኪደወል እንኳ አልታገሠም፤ ወጥቶ ስልክ መታላት።

«ያን ቀን ያልሽው ለእኔ ነበር?»

«አንቺ» ሲላት የመጀመሪያው ነበር። ስትመኘው የከረመችው ቃል ነው። ሲመጣ ግን ቦታ አልነበረውም።

«ለእርስዎ ነበር» አለች።

«ልምጣ?»

«ለትዳር ለጠየቀኝ ሰው ቃሌን ሰጥቻለሁ። ምን አጠፋ ብዬ ላሳዝነው?»

«ፈሪ ነኝ» አለ።

«እኔስ? በሰው ታሪክ ተከልዬ መናገሬ ድፍረት ሆኖ ነው?»

ከዚያ ወዲያም ስልኩን ቶሎ የዘጋ የለም።

«ማን ነው?» አሉ እናቷ ከጓዳ፣ ስታስቀምጠው ሰምተው።

«የድሮ ባልደረባዬ ነው።»

«ምን ፈልጎ?»

«ጥያቄ ነበረው።»

«ታዲያ መለስሽለት?»

«መለስኩለት እማዬ።»

ማታ ለጸሎት ስትቆም ለማን እንደምትለምን ግራ ገባት። ስለ ራሷ ልትጀምር አለችና አፈረች፤ ስለ መምህሩ ልትል እንባዋ ቀደማት። በመጨረሻ ፋርማሲስቱን አስቀደመች። ምንም የማያውቀው እሱ ነበርና።