በአንድ ጣት የሚነካ ሕመም

ነሐሴ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ዳና ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ አግዳሚው ላይ ሲቀመጥ፣ ብሩክታይት ቀና ብላ አላየችውም። ካየችው ሐሳቧ ወደ እሱ ይሄዳል፤ የወጌሻ ሐሳብ ደግሞ እጁ ላይ መሆን አለበት።

ወጌሻነቱን ያስተማሯት አባቷ አቶ ሻንቆ ናቸው። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ከተበላ ከተማም ከአረካም ወደ ሶዶ የሚመጣው ወለምታ ሁሉ በእሷ እጅ ነው የሚታሸው። ዳናንም ያወቀችው አምና ሲሮጥ ቁርጭምጭሚቱን ወለም ብሎት ሲመጣ ነው። ቁርጭምጭሚቱ በሳምንት ዳነ። እሱ ግን ዛሬ ወገቤን፣ ነገ ትከሻዬን እያለ መምጣቱን አልተወም።

«ቅልጥሜን እያመመኝ ነው፤ እስከ ቅዳሜ ብቻ አቁሚልኝ» አላት።

ቅዳሜ አንድ የአዋሳ ክለብ ሶዶ መጥቶ ሯጮች ይመለምላል። የተመረጠ ደመወዝ ያገኛል። አቶ ሻንቆ ደግሞ «ሥራ የሌለው ሰው ሽማግሌ እንዳይልክብኝ» ብለው ቁርጡን ተናግረዋል። ልጃቸውን የጠየቀው የአረካ አስተማሪ መልሱን የሚሰማው ለወላይታ ዘመን መለወጫ ለጊፋታ ነው። ጊፋታ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።

አውራ ጣቷን ቅቤ ውስጥ ነክራ ቅልጥሙን ከላይ ወደ ታች ዳበሰችው። አባቷ ያስተማሯት ቀላል ነገር ነው፤ ሕመሙ መዳፍ ሙሉ ከሆነ ድካም ነው፣ ዕረፍት ያድነዋል። በአንድ ጣት የሚነካ ከሆነ ግን አጥንቱ ተሰንጥቋል። መዳፍ ሙሉ እንዲሆን በልቧ ጸለየች።

መሃል ላይ ስትደርስ የዳና ትንፋሽ ቁርጥ አለ። ከዚያ በላይም ከዚያ በታችም ምንም የለም።

«እዚህ ብቻ ነው?»

«ኧረ ሁሉም ጋ ነው» ብሎ ፊቱን አዞረ። መዋሸት አይችልበትም።

«ተሰንጥቋል ዳና። ሆስፒታል ሄደህ ራጅ ተነሳ። ቅዳሜ አትሮጥም።»

«ጠበቅ አድርገሽ እሰሪልኝ።»

«ከሮጥክበት ይሰበራል።»

«ካልሮጥኩስ?» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ካልሮጥኩ አረካ መሄድሽ ነው። ወይስ አስተማሪው ይሻልሻል?»

መጠቅለያው ጨርቅ ጭኗ ላይ ነበር። አጥብቃ ብታስረው፣ እግዚአብሔርም ቢረዳ፣ እግሩ አንድ ቅዳሜ ይችል ይሆናል። እጇ ወደ ጨርቁ ሄዶ ተመለሰ።

«እወድሃለሁ» አለችው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። «አላስርልህም።»

በዚህ መሃል አቶ ሻንቆ ከጓዳ ወጡ። ሁሉንም ሰምተዋል። ጎንበስ ብለው በራሳቸው አውራ ጣት ቅልጥሙን ፈለጉት፤ ቦታውን አገኙት።

«ጋሼ» አለ ዳና፣ «ቅዳሜ አልሮጥም። ሥራም የለኝም። ሽማግሌ ግን እልክብዎታለሁ።»

«ምን ልታበላት?»

«እጄ ያበላኛል አባዬ» አለች ብሩክታይት። «እግሩ እስኪድን እሱንም አበላዋለሁ።»

አቶ ሻንቆ ጨርቁን ከጭኗ አንስተው ቀስ ብለው አጠፉት።

«ልጄ የምትዋሽበት ቀን ቢኖር ዛሬ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «አልዋሸችም። አበላዋለሁ ስትልም አምናታለሁ። ሽማግሌዎችህ ከጊፋታ በፊት ይምጡ። አንተ ግን ራጁን ከተነሳህ በኋላ ስድስት ሳምንት ከቤትህ ንቅንቅ እንዳትል።»