የዘካሪያስ ልክ

ዘካሪያስ ከልብስ ሱቁ ጀርባ ባለው የሲሚንቶ ደረጃ ግርጌ አንገቱ ተቆልምሞ ሲገኝ፣ ቁርጭምጭሚቱ ድረስ የሚወርድ ጠባብ የጂንስ ጉርድ ቀሚስ ለብሶ ነበር። ወሬው ሱቁ ባለበት ሰፈር በኮሎምቢያ ሲቲ አልዋለም፣ ረፋድ ላይ ጎረቤት ከተማ ሬንተን ገባ። «ጉርዱ ጠልፎ ጣለው» አለ አገሩ ሁሉ፤ «እኔ ብያለሁ!» ያለውም ጥቂት አይደለም። የእኛ ሰው ወሬ መርማሪ አይጠብቅም፤ ራሱ ይፈርዳል፣ ራሱ ይቀብራል።

ውብአየሁ ግን መጠበቅ ታውቅበታለች። ሰው እንዴት እንደሞተ የሚያጣራው የካውንቲው ቢሮ መርማሪ ናት፤ ወደ አምሳ የሚጠጋት፣ ስትናገር የምትለሰልስ፣ ስታይ ግን የማትምር ሴት። ፖሊሱ «አደጋ ነው» ብሎ ሊሄድ ሲል እሷ አስከሬኑ አጠገብ ተንበረከከች። የጉርዱን ጠርዝ ገለጥ አደረገች። ሁለቱም ጉልበቶች ተልጠዋል፤ ደሙ ላይ የሲሚንቶ ብናኝ ደርቋል። ጉርዱን መልሳ ጉልበቱ ላይ ዘረጋችና አየችው። ከዚያ ወገቡ ጋ ሄደች። ቁልፉ ከእምብርቱ በላይ ተቆልፏል፤ ዳሌው ላይ ጨርቁ ግራና ቀኝ ባዶውን አብጧል። ቀበቶ በዓመታት የተወው ምልክት ግን ከዚያ በታች፣ ዳሌው አጥንት ላይ ነው ያለው።

«ቆይ እስቲ» አለች ለራሷ።

ሱቁ ውስጥ ሃሴት፣ የሟች ሚስት፣ ስፌት መኪናዋ ፊት ተቀምጣለች። የአየር ማረፊያ አካባቢ ሆቴል የማታ ሥራዋን ጨርሳ ሱቅ ልትከፍት ስትመጣ ነው ባሏን ያገኘችው። የሟች ታላቅ ወንድም አበጀ አጠገቧ ሆኖ እጇን ይዟል።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለች ሃሴት፣ ማንም ሳይጠይቃት። እንባ አልነበራትም። «ያንን ጉርድ የተለበሰ ልብስ ከሚሸጥበት ትሪፍት ስቶር ገዛሁለት። በልክህ አስተካክለዋለሁ፣ ከኋላም መራመጃ እከፍትለታለሁ አልኩት። ነገ፣ ነገ ስለው እንዲሁ ለብሶት ወረደ።»

«አይዞሽ የኔ እህት» አለ አበጀ። «ጨርቁ ነው እንጂ አንቺ ምን አደረግሽ?»

«ጨርቁ የኔ ነው ጋሼ!»

ውብአየሁ የሴትየዋን ፊት አየች። «አደጋ» ብላ ብትፈርም፣ ይህች ሴት ባሌን በገዛሁት ጨርቅ ገደልኩት እያለች ልትኖር ነው።

«ትናንት ከቤት ሲወጣ ምን ለብሶ ነበር?»

«ጉልበቱ ድረስ የሚደርሰውን ጉርድ። ባለ ናስ ቁልፉን።»

«አሁን የት አለ?»

ሃሴት ተነሥታ መስቀያውን አገላበጠች፣ የኋላውን ክፍል ፈለገች። የዘካሪያስ ጉርዶች ከጀርባው በር አጠገብ ተደርድረዋል፤ ሁሉም ጉልበት ላይ የሚቀሩ ናቸው። ባለ ናስ ቁልፉ የለም።

የጀርባው በር ቁልፍ ያላቸው ሦስት ሰዎች ናቸው፦ ሃሴት፣ አበጀና የሱቁ ሽርካ ወንዳፍራሽ። የሃሴትን አዳር የሆቴሉ ሠራተኞች በሙሉ መሰከሩላት። ወንዳፍራሽ ግን «ቤቴ ብቻዬን ነበርኩ» ከማለት በቀር ምስክር የለውም። በማግስቱ ውብአየሁ ዘንድ የመጣው ራሱም የጂንስ ጉርድ ለብሶ ነው፤ ጉርዱም እንደ ተሰፋለት ሱሪ ቁጭ ብሎለታል።

«ከዘካሪያስ ጋር ተጣልታችኋል ይባላል።»

«ማን አለ? ጋሽ አበጀ? ኦኬ፣ ተከራክረናል። እኔ ኦንላይን ለብቻዬ መሸጥ ፈልጌ ነበር። ግን ለዚህ ሰው ይገደላል እንዴ?»

«ሰው ለዚህም ይገዳደላል» አለች ውብአየሁ በለሰለሰ ድምፅ። ወንዳፍራሽን አላበው። «እስቲ ስለ ጉርዱ ንገረኝ። ለወንድ ልኩን ማግኘት ያስቸግራል?»

ሰውየው ጉዳዩ የሚወደው ስለሆነ ፍርሃቱን ረሳው። «ሶ፣ የሴት ጉርድ ወንድ ላይ አይቀመጥም። ወገቡ እምብርት ላይ ይወጣል፣ ዳሌው ባዶ ይቀራል፤ እኛ ዳሌ የለንማ! ስንት ትሪፍት ስቶር ዞረን ትራይ አድርገናል፣ ሰው እየሳቀብን። በኋላ ሃሴት መላ አገኘችለት። ወገቡን ወደ ዳሌ አጥንት ታወርደዋለች፣ ጎኑን ታጠበዋለች። ዜክ፣ ማለቴ ዘካሪያስ፣ ደግሞ ፒኪ፣ ልብስ መራጭ ነበር፤ ያልተስተካከለ ጉርድ ለብሶ ከመስታወት ፊት እንኳ ፈቀቅ አይልም። ይገርመኛል፣ እንዴት እሱን ለብሶ ደረጃ ወረደ?»

«እኔንም ይገርመኛል። ወንድምየውስ ምን ይሉ ነበር?»

«እሳቸውን ይጠይቋቸው። እኛ ስንገባ ፊታቸውን ያዞራሉ።»

አበጀ ሬንተን አውሮፕላን ፋብሪካ የሚሠራ፣ በእድሩ የተከበረ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ሰው ነው። ውብአየሁን በአክብሮት ተቀበላት።

«ወንድሜን እወደው ነበር» አለ። «ያንን ነገር ግን ዓይኔ ሊያየው አልቻለም። ቤቴ ሲመጣ ግድግዳ ግድግዳውን ነበር የማየው።»

«ሲለብስ ረጅም ነው አጭር የሚመርጠው?»

«እኔ ምን አውቄ? ጉርድ ጉርድ ነው፣ ሁሉም አንድ ነው። ይልቅ ያንን ወንዳፍራሽን አጥብቀው ይያዙት።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ አቶ አበጀ» አለች ውብአየሁ፤ ምስጋናዋም የእውነት ነበር።

ከቀብሩ በፊት ሦስቱንም ሱቁ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ፖሊሱ በሩ ላይ ቆሟል። ያልተስተካከለውን ረጅም ጉርድ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

«የዘካሪያስ ጉልበቶች በደረጃው ተልጠዋል» ብላ ጀመረች። «ይህ ጨርቅ ግን ጉልበቱ ላይ አልተፋቀም፣ አቧራም አልነካውም፣ የደም ጠብታ የለበትም። ቆዳ ሲላጥ ከላዩ ያለው ጨርቅ ንጹሕ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ሲወድቅ የለበሰው ይህን አይደለም። ከወደቀ በኋላ፣ ደሙ ሲደርቅ ነው ያለበሱት።»

ሃሴት ቀና አለች።

«ማን አለበሰው? ከዚህ አጠገብ በልኩ የተሰፉ ጉርዶች ተሰቅለው ነበር። ሃሴት ብትሆን በጨለማም በእጇ ዳስሳ ትለየዋለች። ወንዳፍራሽ ቢሆን እምብርት ላይ አይቆልፈውም፤ ዘካሪያስ እንዲህ ለብሶ ወረደ ቢባል የሚያውቀው ሁሉ እንደማያምን ያውቃል። ይህን ያነሣው ሰው ረጅምና ጠባብ መሆኑን ብቻ አየ፤ ጠልፎ ጣለው ይባላል ብሎ አሰበ። ለእሱ ጉርድ ሁሉ አንድ ነው። ሟች እንዴት እንደሚለብስ አንድ ቀን እንኳ አይቶት አያውቅም።»

አበጀ ጉሮሮውን ጠራረገ። «እኔን ነው? ይህ ማስረጃ አይሆንም።»

«ልክ ነዎት። ማስረጃው ባለ ናስ ቁልፉ ጉርድ ነው። ሌላ አገር ሰው ቢሆን መንገድ ላይ ቆሻሻ ውስጥ ጥሎት ይገላገል ነበር። እኛ ግን የሟች ልብስ ይለቀስበታል እንጂ ቆሻሻ ላይ አይጣልም። የእናትዎን ልጅ ልብስ መጣል የሚችሉ ሰው አይደሉም። ከመኪናዎ ኋላ ያለውን ትራንክ ይከፍቱልናል?»

አበጀ የመኪናውን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ፖሊሱ ወጥቶ ሲመለስ፣ የናስ ቁልፉ የተበጠሰ፣ ጎኑ የተተረተረ አጭር ጉርድ ይዞ ነበር። በጥንቃቄ ታጥፏል።

«እማማ ቅዳሜ ከአገር ቤት ትገባለች» አለ አበጀ። «ኤርፖርት እንደዚያ ሆኖ እንዳይቀበላት ሱሪ ይዤለት መጣሁ። ‹እንዲሁ ትየኝ› አለኝ። ካላወለቅህ ብዬ ደረጃው ጫፍ ላይ ጎተትኩት፤ ተበጠሰና በእጄ ቀረ፣ እሱ ቁልቁል ሄደ። ራቁቱን ልተወው አልቻልኩም። የተቀደደውን መልሼ ባለብሰው ደግሞ መጎተቴን ይናገርብኛል ብዬ ፈራሁ። ሱሪ ለብሶ ቢገኝም ማን አለበሰው ይባላል፤ ረጅሙን ጉርድ አነሣሁ።»

ሃሴት ተነሥታ ፊቱ ቆመች።

«ጋሼ፣ መጎተትዎስ በንዴት ነው። ንዴት ያልፋል። እነዚህን ቀናት ሁሉ እጄን ይዘው ‹ጨርቁ ነው› ሲሉኝ፣ ጨርቁ እንዳልሆነ እያወቁ ነበር?»

አበጀ ዓይኑን ከእሷ መልሶ ወደ ግድግዳው አዞረ። ፖሊሱ ክንዱን ይዞ አወጣው።

«ጉርዱ አልጠለፈውም ማለት ነው?» አለች ሃሴት ወደ ውብአየሁ ዞራ።

«አልጠለፈውም፣ የኔ ልጅ። አንቺ የሰፋሽለት ሁሉ ልኩ ነበር።»

ያን ጊዜ ነው ሃሴት ያለቀሰችው። የተቀደደውን ጉርድ ታቅፋ «ዘካሪያስዬ!» እያለች፣ ያልገደለችውን ባሏን አለቀሰችው። ውብአየሁም ሥራዋ ቢያልቅም አልሄደችም፤ አጠገቧ ተቀምጣ አብራት አለቀሰች።

ሲበርድላት ሃሴት ፊቷን ጠረገች።

«እማማ እስካሁን አልተነገራቸውም» አለች። «መርዶውን ጋሼ ነበሩ የሚያረዷቸው። አሁን ቅዳሜ እኔ ነኝ የምቀበላቸው። ሁለቱንም ልጆቻቸውን ይጠይቁኛል።»