ሁለት ዓይን፣ አንድ አሳሽ

የውብዳር በቀኝ ዓይኗ እፎይን፣ በግራ ዓይኗ ገሃድን ትከፍት ነበር። ሁለቱም አሳሾች ናቸው፤ አሳሽ ድረ ገጽን አምጥቶ የሚያሳይ፣ የድሮ ሰዎች ብሮውዘር ይሉት የነበረው ፕሮግራም ነው። ስክሪን ከቀረ ቆይቷል፤ ሰው ገጹን የሚያየው ዓይኑ ውስጥ በሚያደርገው ሌንስ ነው። እፎይ ለኑሮ ነው፤ ለዜና፣ ለገበያ፣ ለልጇ ደብዳቤ። ገሃድ ደግሞ ለሥራ ነው፤ ገጹን ከመነሻው አምጥቶ ምንም ሳያሳምር ከነአጥንቱ ያሳያል።

የምትሠራው ከጨው ሜዳ በታች በተቆፈረችው ከተማ፣ በማቀዝቀዣ ጣቢያው ውስጥ ነው። የላዩ ፀሐይ ሰው ስለማያስወጣ ነዋሪው ሁሉ የሚተነፍሰው በቧንቧ በሚመጣ ቅዝቃዜ ነው፤ ቧንቧዎቹን የሚቆጣጠሩትን ገጾች የምትጽፈው እሷ ናት። ቧንቧው ቢፈነዳስ? ገጹ ሳይናገር ቢቀርስ? ሰው በተኛበት ቢቀርስ? ይህንን እያሰበች ትውላለች።

አንድ ጠዋት የጣቢያው ኃላፊ አቶ ያዮ በሯ ላይ ቆመ።

«የውብዬ፣ ወሰንሽ?»

«ገና ነኝ።»

«የሌንሱ ጉልበት አልበቃም ተብሏል፤ ለአንድ ሰው አንድ አሳሽ። እስከ ማምሻው ካልመረጥሽ አስተዳደሩ ይመርጥልሻል።»

«ገሃድን ብተው ሥራዬ ይበላሻል። እፎይን ብተው ደግሞ…» የልጇን ስም ልትጠራ ብላ ተወችው።

«እፎይን ያዢ። እኔ ካስገባሁት ወዲህ ባለቤቴ ጅቡቲ ሆና አንድ ቀን ተቆጥታኝ አታውቅም።»

«ስለራቁ ይሆናላ። ቢቀርቡ ኖሮ እናይ ነበር።»

እየሳቀ ሄደ።

የትኛው እንደሚሻል ለመለየት አንድ የሙከራ ገጽ ጻፈች። ቧንቧ ሲግል ቀይ ማስጠንቀቂያ የሚያወጣ ገጽ ነው። በሁለቱም ዓይኗ ከፈተችው። ግራው ቀይ ሆነ። ቀኙ ግን ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ነበር፤ መካከሉ ላይ «ሁሉም ደህና ነው» ይላል። እንዲህ የሚል ቃል አልጻፈችም። የራሷ ስህተት መስሏት የጻፈችውን ሁሉ እንደገና አየችው። አንዱን ዓይኗን ጨፍና፣ ሌላውን ጨፍና ሞከረች። ያው ነው።

በገሃድ የእፎይን ውስጥ ከፈተች። ሥራዋ ነውና ብዙ አላስቸገራትም። እፎይ የደም ምቷን ያዳምጣል፤ ምቷን የሚያፈጥን ነገር ሲመጣ አንስቶ ለስለስ ያለ ነገር ይተካበታል። በተጫነ ቀን «እንዳትጨነቂ ልርዳሽ?» ብሎ ጠይቋት ነበር። እሺ ብላለች። ማን እምቢ ይላል?

መጀመሪያ የመጣባት ቧንቧው አልነበረም፤ ኢዮስያስ ነው። አንድ ልጇ ነው፤ ማርስን በሚዞር ጣቢያ ላይ ብረት ይበይዳል። በየሳምንቱ «ደህና ነኝ እማ። ምግቡ ጥሩ ነው። አትጨነቂ» ብሎ ይጽፍላታል። በነገር ሁሉ ሲከራከራት ያደገ ልጅ፣ እንዲህ እንደ መሥሪያ ቤት ማስታወቂያ ሲጽፍ ጊዜ፣ አድጎ ረስቶኛል ብላ ዝም ብላ ነበር።

ደብዳቤዎቹን በግራ ዓይኗ ከፈተች።

«እማ፣ ብየዳው እጄን አቃጥሎኛል። ከሥራ በኋላ የማወራው ሰው የለም። አንቺስ?»

ቀጥሎ፣ «ስለ እጄ ምንም አላልሽም።»

ቀጥሎ፣ «ጎበዝ ልጄ፣ ጎበዝ ልጄ ብቻ። ምን ሆነሽ ነው?»

ከዚያ በኋላ ምንም የለም። በቀኝ ዓይኗ ደብዳቤው እስከዚህ ሳምንት ድረስ ይቀጥላል፤ በግራ ዓይኗ ቦታው ባዶ ነው። የኋለኞቹን የጻፋቸው እፎይ ራሱ ነበር።

ሞቷል ማለት ነው? ወይስ መጻፍ ትቷል? ወደ ራሷ ደብዳቤዎች ሄደች። እሷ ረጅም ረጅም ደብዳቤ ነበር የምትጽፈው፤ ማርስ የደረሰው ግን ሁሉም አንድ ነው፦ «ጎበዝ ልጄ። እኔም ደህና ነኝ።» የሚያስጨንቅ መልስ እንዳይመጣባት እፎይ ቀድሞ ለውጦታል።

ወደ አቶ ያዮ ደወለች።

«የባለቤትዎን ደብዳቤ በገሃድ ይዩት።»

«ምን ይላል?»

«እኔ ምን አውቄ። የእርስዎ ነው።»

«ተይኝ እስቲ፣ የውብዬ። በሰላም ነው ያለሁት» አለና መስመሩን ዘጋው።

እፎይን አጠፋችው። ከዚያ በገሃድ ጻፈች፦ «ኢዮስያስ፣ ደብዳቤህን ገና ዛሬ አየሁት። በሕይወት ካለህ አንድ ቃል ጻፍልኝ።»

ቃል ማርስ ደርሶ እስኪመለስ ምሳ ተበልቶ ያልቃል። እሷ አልበላችም። ሰው ሁሉ ወደ መመገቢያው ሄዶ ክፍሉ ውስጥ የቧንቧው እህህታ ብቻ ቀረ። ወለሉ ላይ ተቀምጣ ባዶውን ገጽ ታይ ነበር።

መልሱ መጣ።

«ማን ነህ? እናቴ እንዲህ አትጽፍም። ቀልድ ከሆነ ተወኝ።»

በሕይወት አለ። ልጇ አለ። እዚያው አለቀሰች። ከዚያ ሌላ ፍርሃት መጣባት። እናቱ መሆኗን በምን ታሳምነው? የተወለደበትን ቀን፣ የአባቱን ስም፣ የልጅነት ፎቶውን ሁሉ እፎይ ያውቀዋል። ጣፋጭ ቃልማ ከማንም በላይ ይችልበታል። እፎይ በጭራሽ የማይጽፈው ነገር ምን እንደሆነ አሰበች፤ ብዙም አልራቃትም።

«በዚያ እጅህ ብየዳ የያዝክ እንደሆነ እግዜር ይይልህ። ማን አየልህ? ቢመግልስ? ቢቆርጡህ ማን ያጎርስሃል? የምትተኛበት ግድግዳ ቢሸነቆርስ፣ ማን ይሰማል? እኔ ጉልበቴን ያመኛል፤ ደረጃ መውጣት አቅቶኛል። የደበቅኩህ ሥራህን ጥለህ እንዳትመጣ ብዬ ነው። እንድትመጣ ግን እፈልጋለሁ።»

ልቧ ይደልቅ ነበር። የሚያበርደው አልነበረም። ከሄደ ጀምሮ ያሰበችውን ክፉ ነገር ሁሉ፣ አንድ ሳታስቀር፣ ጽፋ ላከችው።

የሚቀጥለው መልስ ሲመጣ ሰዉ ከሥራ ወጥቶ፣ የመተላለፊያው መብራት ደብዝዞ ነበር።

«እማ፣ ጉልበትሽን ከመቼ ጀምሮ ነው? ማን አየው? ደረጃው ላይ ብትወድቂ ማን ያነሳሻል? ብቻሽን አይደለሽ? ቧንቧው ቢበላሽ በዚያ ጉልበት እንዴት ትሮጫለሽ?» እያለ ይቀጥላል። ከላይ እስከ ታች ስጋት ብቻ የሆነ ረጅም ደብዳቤ ነው። የውብዳር የሚያረጋጋት ሳይኖር፣ ልቧ እየመታ፣ እስከ መጨረሻው አነበበችው።